መዝሙር የመሰለው አልበም

ታናሽ እህቴ ነገር ሁሉ ቦታ ቦታውን ሲይዝ ደስ ይላታል። የዛሬ ጥቂት ዓመት አንድ ቅዳሜ፣ ቤት ያለውን ሃርድ ዲስክ ከፍታ እኔ ያጠራቀምኩትን ዝብርቅርቅ ስታስተካክል ዋለች። ፊልሙን ወደ ፊልም፣ ዘፈኑን ወደ ዘፈን፣ መዝሙሩን ወደ መዝሙር። መረቅኳት። ከወራት በኋላ ግን አንድ አልበም ፈልጌ አጣሁ። «ሮክ» የሚለው ፎልደር ውስጥ የለም። «ልዩ ልዩ» የሚለው ውስጥም የለም። አጥፍታብኛለች ብዬ አኮረፍኳት።

አንድ እሁድ ጠዋት እማዬ መዝሙር ከፍታ ቡና ትቆላለች። ኮምፒውተሩ እየዘበራረቀ ነው የሚያጫውተው። አንድ የበገና መዝሙር አለቀ። ቀጥሎ ከስፒከሩ ወፍራም ጉምጉምታ ወጣ። ጎረቤት ጄኔሬተር ያስነሳ ይመስላል። ከዚያ ጊታርና ከበሮ ገቡ። ከዚያ የአንድ ጎረምሳ ሻካራ ድምፅ።

«ይሄ ደግሞ የማን መዝሙር ነው?» አለች እማዬ፣ ቡናውን ማመሷን ሳታቆም።

«የእንግሊዞች ነው» አልኳት።

ትንሽ አዳመጠች። «ልጁ ጉንፋን ይዞታል እንዴ?»

የጠፋብኝ አልበም ነበር። ጀነሲስ የሚባል የእንግሊዝ ሮክ ባንድ ሥራ ነው። ስሙ «ፍሮም ጀነሲስ ቱ ሬቨሌሽን» ነው። ከዘፍጥረት እስከ ራእይ ማለት። እህቴ ርዕሱን አይታ ያለምንም ጥርጥር መዝሙር ውስጥ ከታዋለች። በእሷ አልፈርድም። አልበሙ በ1969 ሲወጣ የእንግሊዝ ሙዚቃ ቤቶችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ሽፋኑ ድፍን ጥቁር ነው። ላዩ ላይ በወርቃማ ፊደል፣ የድሮ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ በሚታየው ዓይነት አጣጣል፣ ርዕሱ ብቻ ተጽፏል። ፎቶ የለም። የባንዱ ስም እንኳ የለም። ሻጩ ምን ያድርግ? ከመንፈሳዊ ሸክላዎች ጋር ደረደረው። ሮክ የሚፈልግ ወጣት እዚያ መደርደሪያ አጠገብ አይደርስም። መዝሙር ፈልጎ የመጣው ሰው ደግሞ ገዝቶ ቤቱ ሲያጫውተው ምን እንዳለ እግዜር ይወቅ። የተሸጠው ወደ 650 ቅጂ ነው ይባላል።

(ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው። እኔም እየቀያየርኩ ግራ ከምጋባ።)

ጀነሲስ የሚለው ስም ምንም ያላስታወሰው ሰው ፊል ኮሊንስን ግን ያውቃል። «አናዘር ዴይ ኢን ፓራዳይስ»ን ታክሲ ውስጥ ሳይሰማ ያደገ የአዲስ አበባ ልጅ ያለ አይመስለኝም። በ1984 ለእኛው አገር ረሃብተኞች በተሠራው የባንድ ኤይድ ዘፈን ላይ ድራሙን የመታው እሱ ነው። በዓመቱ ለዚያው ረሃብ በተዘጋጀው የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ቀን ለንደን ተጫውቶ፣ ኮንኮርድ አውሮፕላን ተሳፍሮ ፊላደልፊያ ላይ በዚያው ቀን የደገመውም እሱ ነው። ይህ ሰው መጀመሪያ የጀነሲስ ድራመር፣ በኋላም ድምፃዊ ነበር። እኔም ወደ ባንዱ የመጣሁት በእሱ በኩል ነው። ወደኋላ፣ ወደኋላ እያልኩ ስሄድ ኮሊንስ ጭራሽ ያልነበረበት አልበም ላይ ደረስኩ። ከዚያ ወዲያ መሄጃ የለም። የመጀመሪያው ነው።

የሠሩት ተማሪዎች ናቸው። ቻርተርሃውስ የሚባል አዳሪ ትምህርት ቤት አለ። በደቡብ እንግሊዝ፣ ጎዳልሚንግ ከተማ አጠገብ። የተመሠረተው በ1611 ለንደን ውስጥ ነው፤ የሀብታም ልጆች ይማሩበታል። እዚያ ሁለት የተማሪ ባንዶች ነበሩ። ሁለቱም ሲበታተኑ ፍርፋሪያቸው ተሰብስቦ አንድ ባንድ ሆነ። ፒተር ጋብርኤል ይዘፍናል። ቶኒ ባንክስ ኪቦርድ፣ ማይክ ራዘርፎርድ ቤዝ፣ አንቶኒ ፊሊፕስ ጊታር። አልበሙን ሲቀዱ፣ በ1968 የክረምት እረፍት ኦገስት ላይ፣ ጋብርኤልና ባንክስ 18 ዓመታቸው ነው። ራዘርፎርድ 17። ፊሊፕስ 16! ድራም የመታው ጆን ሲልቨር ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ክሪስ ስቱዋርት ኋላ ላይ ደቡብ ስፔን ገብቶ በግ አርቢና ደራሲ ሆነ። እኔ ለእሱ ደስ ይለኛል።

በ1967 የተቀዳ ካሴታቸው ጆናታን ኪንግ እጅ ገባ። ኪንግ የዚያው ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪ ነው። በ1965 ራሱ ዘፍኖ ታዋቂ ሆኗል፤ አሁን ደግሞ ፕሮዲውሰር መሆን አምሮታል። ዴካ ከሚባለው ትልቅ አሳታሚ ጋር አገናኛቸው። የመጀመሪያው ውል ረጅም ነበር። ልጆቹ ገና ለአቅመ ፊርማ አልደረሱም። ወላጆች አይተው ደነገጡና ወደ አንድ ዓመት አስቆረጡት። ስም ያወጣላቸውም ኪንግ ነው። ካቀረባቸው ስሞች አንዱ «ጋብርኤልስ ኤንጅልስ» ነበር። የገብርኤል መላእክት! በድምፃዊው ስም መሆኑ ነው። እኛ አገር ቢሆን የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን ስም ሆኖ ይቀር ነበር። ያንን እምቢ ብለው ጀነሲስን ተቀበሉ።

እንግዲህ እዚህ ጋ የሚያመኝ ነገር ይጀምራል። ልጆቹ ረዘም ያለ፣ ጠመዝመዝ ያለ ዘፈን መጻፍ ጀምረዋል። ኪንግ ደግሞ አጭርና ጣፋጭ ነው የሚፈልገው። ቢ ጂስ የሚባለውን ባንድ ይወዳል። ፍላጎቱ መቀዝቀዙ ሲገባቸው ባንክስና ጋብርኤል ቁጭ ብለው ቢ ጂስን የሚመስል ዘፈን ጻፉለት። «ዘ ሳይለንት ሰን» ይባላል። እሱ በጣም ወደደው። በፌብሩዋሪ 1968 በነጠላ ዜማ ወጣ። ማንም አልገዛውም። ሌላ አወጡ። እሱንም ማንም አልገዛውም። ያኔ ኪንግ አንድ ሐሳብ አመጣ። ሙሉ አልበም እንሥራ፣ ማሰሪያው መጽሐፍ ቅዱስ ይሁን፣ ከፍጥረት መጀመሪያ እስከ ዓለም ፍጻሜ። የእኛ ሊቃውንት ዕድሜ ልካቸውን አንድምታ ሲያወርዱ የማይጨርሱትን፣ የ16 እና የ18 ዓመት ልጆች በ43 ደቂቃ ሊጨርሱት።

ዘፈኖቹ በአንድ ሐሳብ ወይም ታሪክ የታሰሩበትን እንዲህ ያለ ሥራ ኮንሴፕት አልበም ይሉታል። ያኔ ገና አዲስ ነገር ነው። ሙዲ ብሉዝ የሚባሉት ባንድ ከጠዋት እስከ ሌሊት ያለውን አንድ ቀን ከኦርኬስትራ ጋር አልበም ያደረጉት በ1967 መጨረሻ ነው። ዘ ሁ የተባሉት «ቶሚ»ን ያወጡት በሜይ 1969፣ የልጆቹ አልበም ከወጣ ከሁለት ወር በኋላ። በቀን አቆጣጠር ልጆቹ ቀድመዋል። በጥራት አልልም። እንደዚያ ካልኩ የሮክ ወዳጆች ያሳድዱኛል።

ስቱዲዮ ገብተው ቀዱ፤ ወጡ። ቀጥሎ የሆነውን ያወቁት ካለቀ በኋላ ነው። ኪንግ ቅጂውን ወስዶ አርተር ግሪንስሌድ ለሚባል አቀናባሪ ሰጠው። ቫዮሊንና ጥሩምባ ተጨመረበት። ብዙ ቫዮሊን። ቫዮሊኑ ቦታ እንዲያገኝ ደግሞ ልጆቹ የተጫወቱት ሁሉ ተጨፍልቆ ወደ አንዱ የስቴሪዮ ጎን ተገፋ። በአንድ ጆሮ ባንዱ፣ በሌላው ቫዮሊኑ። ፊሊፕስ ይህን ሲሰማ ተናዶ ከስቱዲዮው ወጥቶ ሄደ። እንግዲህ አስቡት፣ የ16 ዓመት ልጅ ነው። የመጀመሪያ አልበሙ ነው። ጊታሩን ፈልጎ አጣው።

የወላጆች ቀን ትዝ ይለኛል። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ግጥም እንዳነብ ተመረጥኩ። ስለ አያቴ ከዘራ ነበር የጻፍኩት፤ ከሞተ በኋላ ከበሩ ኋላ ተደግፋ ስለቀረችው። አንድ መምህር «ትንሽ ላስተካክልልህ» ብሎ ወሰደው። ሲመልስልኝ ትውልድ የሚነሳበት፣ እውቀት የሚያበራበት፣ ወደፊት የሚገሰገስበት ግጥም ሆኗል። ከእኔ የቀሩት ሁለት ስንኞች ናቸው። ምን ትላላችሁ ታዲያ? መምህር ነው። አመስግኜ ተቀበልኩ። መድረክ ላይ ወጥቼ በሞቀ ድምፅ አነበብኩት። ተጨበጨበ። እናቴም አጨበጨበች። እስካሁን ከዚያ ግጥም በቃሌ የያዝኩት ግን እነዚያን ሁለቱን ብቻ ነው።

ይህን አልበም መጀመሪያ ስሰማው፣ እውነቱን ልናገር፣ አሰለቸኝ። ለስላሳ ነው። ዘፈን ከዘፈን አይለይም። ቫዮሊኑ እንደ በዓል ሽቶ ነው፤ ገና በሩን ስትከፍቱ ያፍናችኋል። ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሬ ተውኩት። የገባኝ ኢርፎኔ ሲበላሽ ነው።

የሃምሳ ብር ኢርፎን ነበር፤ ከመንገድ ላይ የተገዛ። አንደኛው ጆሮ ሽቦው ላልቶ ሞተ። አዲስ እስክገዛ በአንድ ጆሮ መስማት ጀመርኩ። አንድ ቀን ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ይህ አልበም መጣ። ወዲያው የሆነ ነገር ጎደለ። ቫዮሊኖቹ የሉም! የሞተው ጆሮ ይዟቸው ሞቷል። ከሩቅ እንደሚሰማ የጎረቤት ሬዲዮ ሽው ይላሉ እንጂ የሉም። የቀረው የአንድ ክፍል ድምፅ ነው። ጊታር ይከረከራል። ፒያኖ ቸኩሎ ይገባል። ከበሮው ትንሽ ያመነታል። በመሃሉ ልጁ ይጮሃል። አብረውኝ የተማሩ ልጆች ከሚኒ ሚዲያ ክፍል ጀርባ ሲለማመዱ የሚሰማ ይመስል ነበር። ሰልፉ ተንቀሳቅሶ ከኋላዬ ያለችው ሴትዮ «ኧረ ወንድም፣ ተራህን!» እስክትለኝ ቆሜ ቀረሁ።

ከዚያ ቀን በኋላ እንደገና ከመጀመሪያው ሰማሁት። «ኢን ዘ ቢጊኒንግ» የሚለው በዚያ እማዬን ባስገረማት ጉምጉምታ ይጀምራል። ምድር ገና ቅርጽ ሳትይዝ ያለውን ድምፅ ሊያሰሙን ፈልገው ነው። በዕቃ እጥረት የተሠራ ፍጥረት ነው፤ ግን ይሠራል። ከቫዮሊን ነጻ ከወጡት ጥቂት ቦታዎች አንዱ ስለሆነም ይሆናል። «ዘ ሰርፐንት»፣ እባቡ፣ ቀድሞ የፍቅር ዘፈን ነበር። ስለ አንዲት ቆንጆ። አልበሙ መጽሐፍ ቅዱስ ሲሆን ግጥሙ ተቀየረና ስለ ሰው አፈጣጠር ሆነ። ቆንጆዋ የት እንደገባች አላውቅም፤ ርዕሱን ሳይ ግን እጠረጥራለሁ። ዜማው አልተቀየረም። ስለ ፍጥረት እየዘፈነም ልጁ ድምፁ ውስጥ ያለው የመንደር ፍቅር ነው።

የእኔ ዘፈን «ኢን ዘ ዊልደርነስ» ነው። በምድረ በዳ። ፒያኖው ቀስ ብሎ ይመጣል፤ አዝማቹ ጋ ሁሉም በአንድ ላይ ይነሳል። አዝማቹ የሚለው በግርድፉ እንዲህ ነው፦ የምሰማው ሙዚቃ ብቻ ነው፤ ሰውን ሊያስደስት የተረጋገጠለት ሙዚቃ፤ እኔ ግን ሌላ ነገር እፈልጋለሁ። ለብዙ ጊዜ አብሬ ሳንጎራጉረው ቃሉን ልብ አላልኩትም። አንድ ቀን ሲገባኝ ብቻዬን ሳቅኩ። ልጆቹ ኪንግን ለማስደሰት ቢ ጂስን መስለው ዘፍነዋል። ስማቸውን አውጥቶላቸዋል። ርዕሱን መርጦላቸዋል። በዘፈናቸው ላይ ኦርኬስትራ ሊደፋበት ነው። እነሱ ደግሞ እዚያው አልበሙ መሃል፣ በትልቁ አዝማች ላይ፣ ማስደሰቻ ሙዚቃ በቃን ብለዋል። ሆን ብለው ይሁን አይሁን ግድ የለኝም። ለእኔ ሁለቱ ስንኞች እነዚህ ናቸው።

ሁሉም እንዲህ አይደለም። ሸክላው ተገልብጦ ሁለተኛው ገጽ ሲመጣ መጽሐፍ ቅዱሱ እየሳሳ ይሄዳል። «ሳይለንት ሰን» ራሱ እዚያ መሃል ተሰክቷል። የፍቅር ዘፈን ነው። ከዘፍጥረትም ከራእይም ጋር የሚያገናኘው የለም፤ ቦታ ለመሙላት እንደገባ ያስታውቃል። ግጥሞቹም አንዳንዴ የ18 ዓመት ልጅ ግጥም ናቸው። ሰማይ፣ ባሕር፣ ዘላለም፣ ብቸኝነት፣ ሁሉም በአንድ ስንኝ። ማኅተም ሲፈታ፣ ፈረሶቹ ሲጋልቡ፣ መለከት ሲነፋ ብላችሁ ብትጠብቁ አይመጣም። አልበሙ የሚዘጋው «ኤ ፕሌስ ቱ ኮል ማይ ኦን» በምትባል ሁለት ደቂቃ ገደማ በምትፈጅ ዘፈን ነው። የራሴ የምለው ቦታ። ራእይ ተብሎ የተነገረን ነገር ፍጻሜው የራሱን ክፍል የሚመኝ የአዳሪ ተማሪ ሆነ። መጀመሪያ ተናድጄበት ነበር። አሁን ከአልበሙ ሁሉ እውነተኛው ቦታ እሱ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልለፈው፤ ሌሎች በደንብ ጽፈውታል። ከኪንግ ተለያዩ። ዩኒቨርሲቲ ልግባ አልግባ ሲባባሉ ከረሙ። ከ1969 መጨረሻ ጀምሮ ዶርኪንግ ከተማ አጠገብ የጓደኛቸው ወላጆች ጎጆ ውስጥ ገብተው ወራቱን ሙሉ ሙዚቃ ብቻ ሠሩ። ያኔ ዘፈኑ ረዘመ። ማንም አጭር አድርጉት የሚላቸው የለም። ከዚያ ጎጆ የወጣው «ትሬስፓስ» በ1970 ታተመ። ያ ጊታሩን ያጣው ፊሊፕስ ግን መድረክ ላይ መውጣት አስፈራው፤ ጤናውም አልሆነለትም፤ ትቶ ሄደ። ያኔ የነበረውን ድራመርም አሰናበቱ። ማስታወቂያ አወጡ። ከመጡት አንዱ ከተማ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ የ19 ዓመት ወጣት ነው። ፈተናው በጋብርኤል ወላጆች ቤት ነው። ቀድሞ ስለደረሰ እስኪጠሩት እዚያው ዋና ገንዳ ውስጥ ገብቶ ይዋኝ ጀመር። ከቤት ውስጥ የሌሎቹ ፈተና ይሰማል። እየዋኘ እያንዳንዱን ዘፈን ሸመደደው። ተራው ሲደርስ ሁሉንም ያውቀዋል። ፊል ኮሊንስ እንዲህ ገባ። የታክሲያችን ፊል ኮሊንስ።

የመጀመሪያው አልበም ግን ከልጆቹ እጅ ወጥቶ ቀረ። መብቱ የኪንግ ነው። ባንዱ እየገነነ ሲሄድ ያው አልበም በሌላ ሽፋንና በሌላ ርዕስ እየተደጋገመ ታትሟል። ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጉት በአምስት ዓይነት ልብስ ታገኙታላችሁ። አዲስ አልበም መስሏችሁ እንዳትሸወዱ። እኔ ተሸውጃለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። በ1972 «ፎክስትሮት» የሚል አልበም አወጡ። መጨረሻው ላይ «ሳፐርስ ሬዲ» አለ። እራት ቀርቧል። ሰባት ክፍል ያለው፣ 23 ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ ዘፈን ነው። አንድ ሰውና ሚስቱ ሳሎን ውስጥ ሆነው ይጀምራል። በመሃል ጦርነት አለ፣ ቧልት አለ፣ አበባ የሆነ ሰው አለ። ወደ መጨረሻው ከበሮው በዘጠኝ ምት መራገጥ ይጀምራል፤ የባንክስ ኦርጋን ከላዩ ይጋልባል። ጋብርኤል 666ን ይጠራል። ከዚያ ሁሉም ይከፈታል። በፀሐይ ውስጥ የቆመው መልአክ ይታያል፤ ራእየ ዮሐንስ ምዕራፍ 19 ላይ ያለው ራሱ። አዲሲቱ ኢየሩሳሌም ትመጣለች። ኦርኬስትራ የለም። አምስት ሰዎች ናቸው።

የመጀመሪያውን አልበም ከቀዱ በአራት ዓመት ዘግይተው ራእይ ደረሱ ማለት ነው። በዚህኛው ጊዜ ርዕስ የሰጣቸው የለም።

አልበሙን ከመዝሙር ፎልደር አላወጣሁትም። እህቴን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ እሷ ግን አሁንም ልክ ነበርኩ ባይ ናት። ያለፈው ወር አንድ እሁድ፣ እማዬ ቡና ስታፈላ፣ «ሳፐርስ ሬዲ»ን ከመጨረሻው ስድስት ደቂቃ ከፈትኩላት። ምንም አላልኳት። አቦሉን ጠጣን። ልጁ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጮሃል። እማዬ ስኒ እየለቀመች ቀና አለች።

«ይሄ ያ ጉንፋን የያዘው ልጅ አይደለም?»

«እሱ ነው።»

«ድኗል» አለችና ቶናውን ልትጥድ ዞረች።